በርበሬን ከባህር ማዶ ያመጣሁበት ቅዳሜ

ነገሩ የጀመረው በጥር ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የአርባ ምንጯ የሴቻ ሰፈር ፀሐይ በር ሳታንኳኳ ገብታ ሶፋ ላይ የምትቀመጥ ዘመድ ናት። ሰዓቱን እንዲህ አጥብቄ የያዝኩት ግን በሙቀቱ ምክንያት አይደለም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በዘመዶቼ ዘንድ “ያቺ ዝምተኛዋ” ነበርኩ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ የወጣልኝን ስም እናቴ ቤት ውስጥ እንዳይጠራ ከልክላለች።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ በሽታዬ ልንገራችሁ። ሰው ፊት ስቀመጥ የምናገረው ይጠፋኛል። መጥፋቱስ ባልከፋ፤ ብዙ ሰው ይጠፋዋል። ሌላው ሰው ሲጠፋው “ሙቀቱ እንዴት ነው?” ይላል፤ አርባ ምንጭ ላይ ደግሞ ይህች ጥያቄ ብቻዋን ከሰዓት በኋላውን ታስመሻለች። እኔ ግን ዝምታው ሲጠናብኝ ከአፌ የሚያመልጠው የታሪክ መጽሐፍ ነው። ጎረቤታችን ድመቷ ሞታባት ላጽናናት ሄጄ፣ ትንሽ ዝም ተባባልንና፣ የጥንት ግብፃውያን ድመት ሲሞትባቸው ቅንድባቸውን ይላጩ እንደነበር ነገርኳት። እስካሁን መንገድ ላይ ስታየኝ እጇ ወደ ቅንድቧ ይሄዳል። ልብስ ንጽህና ቤት ቀሚሴን ልቀበል ሄጄ ደግሞ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሮማውያን ልብሳቸውን የሚያነጡት በሽንት እንደነበር ተናገርኩ። ባለቤቱ ቀና ብሎ አየኝና፣ “እህቴ፣ እኛ በኦሞ ነው” አለኝ።

በሽታውን የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባቴ ገረሴ በምትባል የደጋ ከተማ የታሪክ መምህር ነበር። ገረሴ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከወረደ የጎረቤት ቤት አይታይም። ያኔ እሳት ዳር እንሰበሰብና፣ አባቴ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የተጣሉ መጻሕፍትን ያነብልናል። የተጣሉ ስለሆኑ አንዱም መጀመሪያ የለውም፤ መጀመሪያውን አይጥ በልታዋለች። መጨረሻም የለውም፤ መጨረሻውን ቆሎ ሻጯ ጠቅልላበታለች። ስለዚህ እኔ የዓለምን ታሪክ ያወቅሁት ከመሀሉ ነው። አንድ ንጉሥ ከፈረስ መውደቁን አውቃለሁ፤ የየትኛው አገር ንጉሥ እንደሆነና ተነሥቶ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ታላቅ እህቴ ምሕረት፣ “አባዬ፣ ተነሣ?” ስትለው፣ አባቴ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርገውና፣ “አንቺ ምን ይመስልሻል?” ይላታል። እሷ ሁልጊዜ ታስነሣው ነበር። እኔ በወደቀበት እንዲቀር እፈርድበታለሁ፤ ልጅ ጨካኝ ነው። ያ ጭስ ጭስ የሚል ወረቀት፣ ያ ቀስ ያለ ድምፅ! ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ሽፋኑም ማውጫውም ያልጎደለ መጽሐፍ ገዝቼ ሳነብ እንኳ፣ ጆሮዬ ውስጥ የሚያነበው አባቴ ነው።

አባቴ ሲያርፍ ወደ ሴቻ ወረድን። ምሕረት ሥራ ያዘች፤ እኔን አስተማረች፤ እናታችንን አሳከመች፤ ለትዳር የጠየቋትን ሁሉ “ትንሽ ቆዩኝ” እያለች መለሰች። ሰው ደግሞ “ትንሽ ቆየኝ” ሲሉት አንገቱን ነቅንቆ ሌላ ያገባል። ታምራት የሚባል አንድ የደጋው የጨንቻ ልጅ ብቻ የእውነቱን ቆየ። እንግዲህ ያን ቅዳሜ ቤታችን የመጡት የታምራት ሽማግሌዎች ነበሩ። ይህ ቀን ለእህቴ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ለዚህም ነው ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያ ተሰጥቶኝ፣ “አንቺ ውሃ ብቻ አፍስሺ” የተባልኩት።

ዋናው ነገር ሳይሰናከል አለፈ። ሽማግሌ እሺ ሳይባል እህል አይቀምስምና፣ የእናቴ ወንድም አጎቴ አንጁሎ እንደ ደንቡ ትንሽ አስጨንቆ “እሺ” አላቸው። የቀረው ሁለት ነገር ነበር፤ የሠርጉን ቀን መቁረጥና ቤቱን መመረቅ። ሁለቱም ከምግብ በኋላ ናቸው። ምግቡ ቀረበ። ቆጮ አለ፤ ከጫሞ ሐይቅ የመጣ ዓሣ አለ፤ ቅቅል ድንች አለ፤ ከበቆሎ ዱቄትና ከጎመን የሚሠራው ኩርኩፋ አለ። መሀል ላይ እንደ ንጉሥ ዳጣው ተቀምጧል። ዳጣ በርበሬው ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ተፈጭቶ ለማባያ የሚቀርበው ነው፤ በእኛ አካባቢ ያለ እሱ ገበታ ገበታ አይባልም።

የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ የታምራት አያት አቶ ማልኮ ነበሩ። በዚያ ሙቀት ቡልኳቸውን ከትከሻቸው ያላወረዱ፣ ጨንቻን ተሸክመው የወረዱ ሰው። ዳጣውን ቀመሱ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ “ጥሩ ነው” አሉ። ትንሽ ቆዩና፣ “ለገረሴ ጥሩ ነው” ብለው ጨመሩ።

አጎቴ ጉርሻውን አየር ላይ አቆመው። “ለገረሴ ማለት፣ አባባ?”

“ዳጣማ የጨንቻ ነው፣ ልጄ። እናንተ ከእኛ ነው የወሰዳችሁት።”

“ከእናንተ? እኔ የሰማሁት ብርዱ ቢጠናባችሁ፣ ለመሞቂያ ከእኛ መጥታችሁ እንደለመናችሁ ነው።”

“ተው አንጁሎ! አባታችን ጨንቻ ላይ ሲቀመጥ ዳጣው ከጎኑ ነበር።”

“ሲቀመጥ ነው? የእኛ አባት ገና ቆሞ ሳለ ይበላ ነበር።”

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እናቴ በጓዳው በር ብቅ ብላ ፈገግ አለች። ምሕረት ከኋላዋ ነበረች፤ ስትስቅ ጉንጯ ላይ የሚወጣው ስርጉድ ከርቀት ይታየኝ ነበር። አቶ ማልኮ ጣታቸውን ወደ ላይ አነሡና፣ “እንግዲያው ያቺን በርበሬ አገራችን ላይ መጀመሪያ የዘራት ማን እንደሆነ ልንገራችሁ! ቅድመ አያቴ…” ሲሉ ዳጣው ትን አላቸው። ውሃ ተሰጣቸው። ጠጡ። ሁሉም በአክብሮት ዝም ብሎ ጠበቃቸው።

ዝም ተባለ፤ እኔ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ይዤ መሀል ቤት ቆሜያለሁ። ዝምታው ሲጠና ተሰማኝ።

“በርበሬ እኮ ከባህር ማዶ ነው የመጣው” አልኩ።

“ምን አለች?” አሉ አቶ ማልኮ ሳላቸውን ጨርሰው።

እናቴ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ጥቅሻው “ዝም በይ” ማለት እንደነበር በኋላ ተረድቻለሁ፤ ያኔ “ቀጥዪ” መሰለኝ።

“በመርከብ ነው የመጣው፣ አባባ። ድሮ እኛ አገር በርበሬ የሚባል ነገር አልነበረም።”

“ይሄስ?” ወደ ኩርኩፋው አመለከቱ።

“በቆሎ ነው። እሱም በመርከብ።”

“ድንቹ?”

“እሱም።”

“ቲማቲሙስ?” አለ አጎቴ። ሊረዳኝ መስሎኝ ነበር።

“ቲማቲምም በዚያው…”

“ይሄ መርከብ ነው አይሱዙ?” ሲል አቋረጠኝ።

“ፖምስ?” አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ፤ ነገሩ እየጣፈጣቸው መጥቷል።

“ፖሙን ተወው” አሉ አቶ ማልኮ፣ “ፖም ጨንቻ ሲገባ እኔ ራሴ ነበርኩ።” ከዚያ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። “ለመሆኑ እዚህ ላይ የእኛ የሆነ ምን ቀረ? ሳህኑ?”

አጎቴ ሳህኑን ከፍ አድርጎ ሥሩን አየ። “የቻይና ነው” አለ።

በዚህ ሰው መሳቅ ነበረበት። አልሳቀም። አቶ ማልኮ እጃቸውን ከገበታው ላይ አነሡ።

“ልጄ፣ እኔ ያደግሁት ያቺን በርበሬ የዘራት ቅድመ አያቴ ነው ሲባል ነው። አባቴ በእኔ ሠርግ ተነሥቶ ተናገረው። እኔ በልጆቼ ሠርግ ተናገርኩት። በታምራትም ሠርግ ልናገረው ነበር። አሁን አንቺ፣ ቅድመ አያቴ ውሸታም ነው እያልሽኝ ነው?”

አይደለም ማለት ፈልጌ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን፣ “እንሰት! ቆጮው የእኛ ነው!” የሚል ጩኸት ነው። ማንም አልሰማኝም፤ ሁሉም ተነሥቶ ነበር። አቶ ማልኮ ቡልኳቸውን አስተካከሉና፣ “ቀኑን ሌላ ጊዜ እንቆርጣለን” አሉ። ሳይመርቁ ወጡ።

የቀን መቁጠሪያ ብዙ ዓይነት አለ፤ “ሌላ ጊዜ” የሚባለው ቀን ግን በአንዱም ላይ ተጽፎ አላየሁም። ሽማግሌ በልቶ ሳይመርቅ የወጣበት ቤትም፣ ሰው ሳያወራ ቢቀር ግድግዳው ያወራል።

“ዕድሜሽን ሙሉ ዝም ብለሽ ኖረሽ ዛሬ ነው አፍሽ የተፈታው?” አለች እናቴ። ለሙገሳም ለእርግማንም የሚሆን ጥያቄ ነው። ታምራት ለእህቴ ደወለ፤ “የበርበሬ ነገር ነው አሉኝ፤ የምን በርበሬ ነው?” ሲል ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማል። ምሕረት አልተቆጣችኝም። ሳህኖቹን ሰበሰበች፤ አጠበች፤ ያጠበችውን ደግማ አጠበች። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ “አባዬ ቢኖር ይስቅ ነበር” አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መፍትሔውን ያመጣው አጎቴ ነው። አቶ ማልኮ እዚሁ ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ሴት ልጃቸው ዘንድ ያድራሉ፤ ነገ ጠዋት ወደ ጨንቻ ይመለሳሉ። “ጨንቻ ከወጡ ነገሩም አብሮ ተራራ ወጣ ማለት ነው፤ ለማውረድ ዓመት ይፈጃል። ከመውጣታቸው በፊት እርጥብ ሳር መያዝ ነው” አለ። በእኛ በጋሞ እርጥብ ሳር ይዞ ፊትህ የቆመን ሰው እምቢ ማለት ነውር ነው። ደም የተቃባ እንኳ ሳሩን ሲያይ ይለሳለሳል።

“ሽማግሌ ትልካለህ?” አለች እናቴ።

“ደንቡስ እሱ ነበር። ግን የትኛውን የተከበረ ሰው ጠርቼ ‘ጠባችን ስለ ቲማቲም ነው’ እለዋለሁ?” ወደ እኔ ዞረ። “አፍሽ አጥፍቷል፤ እጅሽ ይካስ።”

አርባ ምንጭ የምትባል ከተማ ውስጥ፣ ምንጭ ስሟ በሆነ ከተማ ውስጥ፣ በጥር ወር አንድ እፍኝ እርጥብ ሳር ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? የእኛ ግቢ ሲሚንቶ ነው። ከጎናችን ያለው ጠጠር ነው። ትንሽ አረንጓዴ ያለችው የባለ ድመቷ ጎረቤታችን ደጅ ነው፤ እሷ ዘንድ ደግሞ በምን ዓይኔ? ገረሴ ሳለን ሳር አይፈለግም ነበር፤ እሱ ራሱ በር ከፍቶ ይገባል። ሴቻም ቢሆን መጀመሪያ ስንመጣ እንዲህ አልነበረችም። እኔና ምሕረት ካርቶን ላይ ተቀምጠን የምንንሸራተትበት ሳራማ ቁልቁለት ነበረ፤ ከላይ ስንነሣ ሁለቱም ሐይቆች ይታያሉ፤ ከታች ስንደርስ ቀሚሳችን አረንጓዴ ሆኖ እናታችን ትጠብቀናለች። ሄጄ አየሁት። ፎቅ ተሠርቶበታል።

ከፎቁ ሥር አንድ ካፌ አለ። ከካፌው ፊት ደግሞ፣ ተመስገን፣ ዓይን የሚያሳርፍ፣ ለምለም፣ አንድም ቢጫ የሌለበት ሳር! ማንም እንዳያየኝ ጫማዬን የማስር መስዬ ተንበረከክሁና አንድ ጭብጥ ይዤ ሳብ አደረግሁ። አልነቀል አለ። በደንብ ሳብኩ። ሳሩ ተያይዞ፣ እንደ ምንጣፍ ተነሣ፤ ከላዩ የነበረው ጠረጴዛም ተነሣ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ማኪያቶዎች አልተነሡም። አስተናጋጇ ከበላዬ ቆመች።

“እህት፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?”

“የለም። ሳር ፈልጌ ነበር።”

“ፕላስቲክ ነው እኮ።”

“አሁን አወቅሁ።”

ዝም ተባባልን። የካፌው ሰው ሁሉ ያየናል። “ድሮ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ ሳር ይጎዘጉዙ ነበር” አልኳት።

“አሁንም እንጎዘጉዛለን” አለችኝና ጠረጴዛውን ልትጠርግ ሄደች።

በማግሥቱ እሑድ ጎህ ሲቀድ ባጃጅ ይዤ ወደ ኩልፎ ወንዝ ወረድኩ። ወንዙ ዳር የሚፈለገው ሳር ሁሉ አለ፤ ጤዛ ያለበት፣ ሲይዙት የሚቀዘቅዝ። አንድ እቅፍ ሙሉ አጨድኩ። ሰው ሲለምን ትንሽ አይያዝም ብዬ። ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ ግን አንዲት ሴት ፍየል ይዛ ገባች። እኔ መሀል፣ ሴትየዋ በአንድ በኩል፣ የፍየሏ አፍ በሌላ በኩል። ሴትየዋ ስልክ ታወራለች። ፍየሏ አንድ ጊዜ አሸተተች፤ ቀጥሎ አንድ ዘለላ ሞከረች፤ ወደደችው። “ፍየልሽን ያዢልኝ” ማለት ምን ያህል ቀላል ዓረፍተ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ስልክ የምታወራ የማላውቃትን ሴት እንዴት ላቋርጣት? እቅፌን ወደ ቀኝ ሳዞር ፍየሏ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሳዞር ወደ ግራ። የእህቴ ትዳር እየተቆረጠመ ሲቀላ ደረስን።

አቶ ማልኮ የልጃቸው ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያስራሉ። ቦርሳቸው ከጎናቸው ተዘጋጅቷል። ልጃቸው በሩ ላይ ቆማለች። ፊታቸው ተንበርክኬ የቀረችኝን በሁለት እጄ ዘረጋሁ።

“ይህ ምንድን ነው?” አሉ።

“እርጥብ ሳር ነው፣ አባባ። ይቅርታ ልለምንዎት ነው።”

ጎንበስ ብለው አዩት። “ይሄ?”

“ብዙ ነበር። ፍየል በላው።”

“አንቺ ዝም ብለሽ ታያለሽ?”

“ባለቤቷን አላውቃትም።”

የከንፈራቸው ጫፍ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ግን ሳሩን አልተቀበሉኝም፤ ዝም አሉ። የፍየል ታሪክ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ምላሴን ነከስኩ፤ በእውነት ነከስኩ።

“አንድ ነገር ልጠይቅሽ” አሉ በመጨረሻ። “መጽሐፍሽ ላይ በርበሬዋ ከመርከብ ከወረደች በኋላ ወዴት ሄደች ይላል?”

“ነጋዴዎች ወደ መሀል አገር ወሰዷት ብሎ ያልፈዋል።”

“ያልፈዋል! እንግዲህ እኔ ትናንት ልናገር የነበረው እሱ ያለፈውን ነው፤ አላስጨረስሽኝም። ቅድመ አያቴ ቡልኮ ሊሸጥ ሩቅ ገበያ ወረደ። እዚያ አንድ ነጋዴ ቀይ ነገር እየበላ ሲያለቅስ፣ እያለቀሰ ደግሞ ሲጨምር አየ። ‘ይህ የሚያስለቅስ ግን የማይተው ነገር ምንድን ነው?’ ብሎ ፍሬዋን ጠጉሩ ውስጥ ደብቆ ተመለሰ። ጨንቻን ሲወጣ አላበው። ላቡ ፍሬዋን ይዞ ዓይኑ ውስጥ ገባ። እንባው እየወረደ ቤቱ ደረሰ። ሚስቱ ሰው የሞተ መስሏት ጮኸች። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ድንኳን ብቻ ነው ያልተጣለው። ‘ማነው የሞተው?’ ሲሉት መናገር አቅቶት ወደ ራሱ ጠጉር ይጠቁማል። ‘አበደ’ ብለው ለእብደቱ ደግሞ አለቀሱለት። በእኛ አገር፣ ልጄ፣ በርበሬ የገባችው በለቅሶ ነው።”

ሳቅሁ። በሰው ፊት፣ በማላውቀው ቤት፣ ጮክ ብዬ፣ ተንበርክኬ እንዳለሁ ሳቅሁ። ልጃቸውም በር ይዛ ሳቀች፤ ስንት ጊዜ የሰማችው ይሆን። አቶ ማልኮ ሳቃችን እስኪያልቅ ጠብቀው ሳሩን ከእጄ ተቀበሉ።

“ይቅር ብያለሁ፤ ተነሺ” አሉ። ተነሣሁ። ጉልበቴን አራገፍኩ። አበቃ ብዬ ስተነፍስ፣ ሽማግሌው ራሳቸው ብድግ አሉ። ያችን ከፍየል የተረፈች ሳር በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ እኔ ዘረጉ።

“አሁን ደግሞ እኔ ልለምንሽ። ከየት መጣች ብሎ የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ፣ የበርበሬዋን መነሻ አላውቅም ነበር። በሠርጉ ቀን መርከቡን አንቺ ትናገሪያለሽ። ገበያው ላይ ስትደርሺ እኔ እቀበልሻለሁ።”

“በሰው ፊት?”

“በሁለቱም ወገን ፊት።”

“በድምፅ ማጉያ?”

“ከገረሴ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ በድምፅ ማጉያ ነዋ።”

ወደ ልጃቸው ዞርኩ፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ወደ መንገዱ ዞርኩ፤ ማንም የለም። ፊት ለፊቴ እርጥብ ሳር ተዘርግቷል። እምቢ ማለት ነውር ነው። ያቺ ፍየል ሁሉንም መጨረስ ስትችል ለእነዚያ ጥቂት ዘለላዎች ለምን እንደራራች እግዚአብሔር ይወቀው።

“እሺ” አልኩ።

“አልሰማሁም።”

“እሺ!” አልኩ፤ ከአጥሩ ማዶ ውሻ እስኪጮህ ድረስ።

አቶ ማልኮ ሳሩን እጄ ላይ አኖሩና ተመልሰው ተቀመጡ። ያሰሩትን ጫማ መፍታት ጀመሩ። “በይ እህትሽ ዘንድ ደውዪ” አሉኝ። “ቀኑን እንቁረጥ፤ ልመርቃት።”